ጉልበት በምን ይገነባል?

ከትምህርት ቤት ደጅ አንሥቶ እስከ ሰፈር ጥጋጥግ ድረስ ወጣቶች በተሰበሰቡበት ሁሉ ከሚነሡት ክርክሮች መካከል መቋጫ ሳያገኝ ከዓመት ወደ ዓመት የሚሸጋገር አንድ ክርክር አለ። ይኸውም ጉልበትን በይበልጥ የሚገነባው ብረት ማንሣት ነው ወይስ ካራቴን፣ ጁዶንና ቴኳንዶን የመሳሰለው የፍልሚያ ስፖርት ነው የሚለው ነው። በአንድ በኩል የሚቆሙት ጎሕ ሲቀድ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው በአዳራሽ እየተሰለፉ፣ የአሰልጣኛቸውን ቆጠራ እየተከተሉ እርግጫና ቡጢ የሚሰነዝሩት ናቸው። በሌላው በኩል ደግሞ ሲሚንቶ የተሞላባቸውን ሁለት ጣሳዎች በአንድ የውሃ ቧንቧ ጫፍና ጫፍ አያይዘው በጓሮ የሚያነሡትና የሚያወርዱት ይገኛሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለተኞቹን «አሸዋ የተሞላ ጆንያ» ይሏቸዋል፤ ክብደት እንጂ እንቅስቃሴ የላቸውም ለማለት ነው። ሁለተኞቹም በበኩላቸው የመጀመሪያዎቹን «ከነፋስ ጋር የሚጣሉ» እያሉ ያፌዙባቸዋል።

ነገሩ ለጨዋታ ያህል የሚነሣ ቢመስልም በቀላሉ የሚታይ አይደለም። የአንድ ተማሪ ቀን አጭር ነው፤ ከትምህርቱና ከቤት ሥራው የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ነው፤ የሚመገበውም በልክ ነው። ጡንቻና አጥንት በይበልጥ የሚጠነክሩበት የዕድሜ ክልልም ሳይመለስ የሚያልፍ ነው። ስለሆነም ያለ በቂ ዕውቀት የተመረጠ ልምምድ የወጣቱን ዓመታት በከንቱ ሊያባክን፣ አለዚያም ወገቡን ጎድቶ ዕድሜ ልኩን የሚከተለው ሕመም ሊያተርፍለት ይችላል።

ክርክሩ መቋጫ ያጣበት ዋነኛው ምክንያት ተከራካሪዎቹ «ጉልበት» የሚለውን ቃል በየፊናቸው የሚተረጉሙት መሆኑ ነው። በአማርኛ ጉልበት የሚባለው ነገር ቢያንስ ሦስት ልዩ ልዩ ችሎታዎችን ያጠቃልላል። አንድ ሰው ከባድ ድንጋይ ከመሬት ሲያላቅቅ ጉልበት አለው ይባላል፤ ሌላው በቅጽበት ተወርውሮ ባላንጣውን ሲጥል እርሱም ጉልበተኛ ይባላል፤ ሦስተኛው ከንጋት እስከ ምሽት ሲቆፍር ውሎ ሳይዝል ሲቀር ለእርሱም ስሙ ያው ነው። የመጀመሪያው ጥንካሬ፣ ሁለተኛው ፍጥነት የታከለበት ኃይል፣ ሦስተኛው ጽናት ነው። ሦስቱ ይዛመዳሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ካራቴ ለማጅ ስለ ሁለተኛውና ስለ ሦስተኛው ሲናገር ብረት አንሺው ስለ መጀመሪያው ይመልስለታል፤ ሁለቱም በየበኩላቸው እውነት እየተናገሩ ሳይግባቡ ይለያያሉ። ይህ ጽሑፍ በይበልጥ የሚመለከተው የመጀመሪያውን ነው፤ ምክንያቱም ጥንካሬ ለሌሎቹ ሁለት መሠረት በመሆኑ ነው።

ጡንቻ እንዴት እንደሚጠነክር በቅድሚያ ቢታወቅ ሙግቱ በግማሽ ይቃለላል። የሰው ሰውነት ቆጣቢ ነው፤ ከሚፈለግበት በላይ ጥንካሬ አያከማችም። ከለመደው የሚበልጥ ጫና ሲደርስበት ግን ያንን ጫና ለመቋቋም ራሱን ማስተካከል ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው መሻሻል በአብዛኛው የነርቭ ነው፤ ማለትም ቀደም ሲል ዳተኛ የነበሩት የጡንቻ ክሮች በአንድነት እንዲሠሩ አንጎልና ነርቮች ማዘዝን ይማራሉ። ሞሪታኒና ደ ቭሪስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ የጡንቻው ክሮች እየወፈሩ መሄዳቸው ለጥንካሬው ዋና ምክንያት የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው። አጥንትም ቢሆን ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም ዩሊዩስ ቮልፍ እ.ኤ.አ. በ1892 ባሳተሙት መጽሐፍ አጥንት በሚያርፍበት ጫና መጠንና አቅጣጫ እየተመራ ራሱን እንደሚያድስ ገልጸዋል።

ከዚህ የምንረዳው፣ ጥንካሬ እንዲጨምር ከተፈለገ ጫናው ከጊዜ ወደ ጊዜ መጨመር ያለበት መሆኑን ነው። ጥንታውያን ግሪኮች ይህን በተረት መልክ ያውቁት ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በስድስተኛው መቶ ዓመት የኖረውና በኦሎምፒያ የትግል ውድድር ስድስት ጊዜ ያሸነፈው የክሮቶኑ ሚሎ፣ አንድ ጥጃ በየቀኑ እየተሸከመ ጥጃው ወይፈን እስኪሆን ድረስ እንደቆየ ይተረክለታል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአበው አባባል ለዚህ ታሪክ እንደተነገረ ያህል ይስማማል። እርግጥ ነው፣ ጥጃ ከሰው ጉልበት ይልቅ ፈጥኖ ስለሚያድግ ታሪኩ እንደ ቃሉ ሊሆን አይችልም። ቁም ነገሩ ግን የተረቱ ጀግና ታጋይ ሆኖ ሳለ ጉልበቱን የገነባው በመታገል ሳይሆን በመሸከም ነው መባሉ ላይ ነው።

ተረቱን ወደ ሳይንስ የለወጡት አሜሪካዊው የጦር ሠራዊት ሐኪም ቶማስ ዲሎርም ናቸው። ዲሎርም በወጣትነታቸው በቁርጥማት ትኩሳት ታመው አልጋ ይዘው ነበር፤ ካገገሙ በኋላ ሰውነታቸውን ያጠነከሩት ብረት በማንሣት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በቺካጎ በሚገኝ ወታደራዊ ሆስፒታል ሲሠሩ ጉልበታቸው ላይ የቆሰሉና የጭናቸው ጡንቻ የሰለለ ወታደሮች በብዛት ይመጡላቸው ነበር። የዚያ ዘመን ሕክምና ለእነዚህ ሰዎች የሚያዘው ቀላል እንቅስቃሴ ብዙ ጊዜ እንዲደጋግሙ ሲሆን፣ ወራት አልፈውም ጡንቻቸው እንደሰለለ ይቀር ነበር። ዲሎርም ይህን ልማድ ገለበጡት፤ ለቁስለኞቹ ከባድ ክብደት ሰጥተው ጥቂት ጊዜ ብቻ እንዲያነሡ፣ በቻሉ ቁጥርም ክብደቱ በመጠኑ እንዲጨመርላቸው አደረጉ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1945 አሳተሙት። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ የሚሠራበት የጥንካሬ ልምምድ ሁሉ በአንድም ሆነ በሌላ መንገድ የዚህ ሥራ ወራሽ ነው ማለት ይቻላል።

የፍልሚያ ስፖርት በዚህ ሚዛን ሲመዘን ምን ይሆናል? አንድ ጀማሪ የካራቴ ለማጅ በመጀመሪያው ወር መቶ ጊዜ ሲራገጥ ጭኑ ይንቀጠቀጣል፤ በማግስቱ ደረጃ መውጣት ያቅተዋል። በእርግጥም በዚያ ጊዜ ጉልበቱ ይጨምራል። በስድስተኛው ወር ግን ያው መቶ እርግጫ ማሟሟቂያ ይሆንለታል። አሰልጣኙ ቁጥሩን ወደ ሁለት መቶ፣ ከዚያም ወደ ሦስት መቶ ቢያሳድገው እንኳ የእግሩ ክብደት ያው የድሮው ነው፤ የተጨመረው ድግግሞሽ እንጂ ጫና አይደለም። ስለዚህ ከዚያ በኋላ የሚያድግለት ጽናቱ፣ ፍጥነቱና ብልሃቱ ነው። እነዚህ ደግሞ የሚናቁ አይደሉም፤ ነገር ግን ጥንካሬ ተብለው ሊጠሩ አይገባም።

ሌላም ምክንያት አለ። እንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ አርቺባልድ ሂል እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተሙት፣ በእንቁራሪት ጡንቻ ላይ በተደረገ ምርምር እንዳረጋገጡት፣ ጡንቻ በፈጠነ መጠን የሚያመነጨው ኃይል ይቀንሳል። ጭቃ ውስጥ የተቀረቀረ የጭነት መኪና ለመግፋት የሚተባበር ሰው ያለ የሌለ ኃይሉን አሟጦ ይጠቀማል፤ መኪናው ግን በዝግታ ነው የሚንቀሳቀሰው። ያው ሰው ጠጠር ሲወረውር ክንዱ እንደ መብረቅ ይፈጥናል፤ ጡንቻው ግን ካለው ኃይል ጥቂቱን ብቻ ነው የሚያወጣው። በአየር ላይ የሚሰነዘር ቡጢ ከጠጠር ውርወራው ወገን ነው። ስለሆነም እልፍ ጊዜ ቢደጋገም እንኳ የጡንቻን የመጨረሻ ኃይል ጠርቶ አያስወጣም፤ ያልተጠራ ኃይል ደግሞ አያድግም።

ጁዶና ትግል በዚህ ረገድ ከካራቴና ከቴኳንዶ ይለያሉ። እዚህ ሰልጣኙ የሚታገለው ከነፋስ ጋር ሳይሆን ስድሳና ሰባ ኪሎ ግራም ከሚመዝን፣ ያውም እንዳይነሣ ከሚከላከል ሰው ጋር ነው። ጓደኛውን ይጎትታል፣ ይሸከማል፣ ይገፋል፣ ከሥሩ ሆኖም ያነሣዋል። የታጋዮች አንገት፣ ጀርባና ጣቶች እንደዚያ የሚጠነክሩት በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ የጓደኛ ክብደት እንደ ፈቃድ አይጨመርም፣ አይቀነስም። ዛሬ ሰባ ኪሎ የሆነ የልምምድ ጓደኛ በሚቀጥለው ሳምንት ሰባ ሁለት እንዲሆን ማዘዝ አይቻልም። የብረት ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ብረት ይለካል። ባለፈው ሳምንት ሠላሳ ኪሎ ያነሣ ወጣት ዛሬ ሠላሳ ሁለት ቢያነሣ መጠንከሩን ማንም ሳይነግረው ያውቃል፤ ባያነሣም ራሱን የሚያታልልበት መንገድ የለውም።

የካራቴን ጥንታውያን መምህራን ያስተዋለ ሰው ይህ ሁሉ ለእነርሱ አዲስ ነገር እንዳልነበረ ይረዳል። ካራቴ በተወለደባት በኦኪናዋ ደሴት ለማጆች ከቡጢና ከእርግጫው ጎን ለጎን በልዩ ልዩ ክብደቶች ይለማመዱ ነበር። አጭር የእንጨት እጀታ የተሰካበት ከባድ ድንጋይ ነበራቸው፤ እጀታውን በአንድ እጅ ይዘው ድንጋዩን በትከሻቸው ዙሪያ ያዞሩታል። አፈ ጠባብ ገንቦዎችም ነበሯቸው፤ ውስጣቸው አሸዋ ወይም ውሃ እየተጨመረ፣ ከንፈራቸውን በጣት ጫፍ ብቻ ቆንጥጦ ይዞ መራመድ የልምምዱ አካል ነበር። ጎጁ ሪዩ የተባለውን የካራቴ ዘርፍ የመሠረቱት ቾጁን ሚያጊም ለእነዚህ መሣሪያዎች ከፍ ያለ ግምት ይሰጡ ነበር። ጊቺን ፉናኮሺ የተባሉት መምህር እ.ኤ.አ. በ1922 ካራቴን ወደ ቶኪዮ አምጥተው ካሳዩ በኋላ ጥበቡ በዩኒቨርሲቲዎችና በትልልቅ አዳራሾች፣ ኋላም በመላው ዓለም ተሠራጨ። በብዙ ቦታ ግን የተጓዘው እርግጫውና ቡጢው ነው፤ ድንጋዩና ገንቦው በደሴቲቱ ቀሩ። ዛሬ «ካራቴ ብረት አያስፈልገውም» የሚል ለማጅ የሚከራከረው ከብረት አንሺው ጋር ብቻ ሳይሆን ከገዛ መምህራኑ መምህራን ጋር ጭምር መሆኑን ቢያውቅ መልካም ነበር።

የጁዶ ታሪክ ደግሞ የበለጠ የሚያስተምር ነው። ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1882 በቶኪዮ ኮዶካን የተባለውን ትምህርት ቤት ሲያቋቁሙ የመረጡት መሠረተ ሐሳብ ኃይልን በተሻለ ብልሃት መጠቀም የሚል ነበር። ከዚህም የተነሣ ጁዶን የሚያውቅ ትንሽ ሰው ትልቁን ይጥላል የሚለው እምነት በሰፊው ሥር ሰደደ። እ.ኤ.አ. በ1961 በፓሪስ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና አንቶን ጌሲንክ የተባለ ሆላንዳዊ ጃፓናዊ ሳይሆን ለማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1964 በቶኪዮ ኦሎምፒክ ጁዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ይኸው ሰው የጃፓኑን አኪዮ ካሚናጋን በአገሩ ሕዝብ ፊት ምንጣፉ ላይ ይዞ አስቀረው። ብዙ ጃፓናውያን ያን ቀን አለቀሱ።

ይህን ታሪክ ጉልበት ጥበብን አሸነፈ ብሎ መተርጎም ስሕተት ነው። ጌሲንክ ጥበቡን ጃፓን ድረስ ሄዶ ለዓመታት የተማረ ሰው ነበር። ታሪኩ የሚያስረዳው ጥበብ ከጥበብ ጋር ሲተካከል የበለጠ ግዙፍና ጠንካራ የሆነው እንደሚያሸንፍ ነው። የስፖርቱ መሪዎችም ይህን አልካዱትም፤ በዚያው በቶኪዮ ከክፍቱ ውድድር በቀር ተወዳዳሪዎቹ የተጋጠሙት በክብደት ተከፋፍለው ነው። ቦክስም፣ ትግልም፣ ቴኳንዶም እንደዚሁ ተወዳዳሪዎችን በኪሎ ይለያሉ። ብልሃት ብቻውን በቂ ቢሆን ኖሮ ሚዛኑን በውድድሩ በር ላይ ማስቀመጥ ለምን ያስፈልግ ነበር?

በወጣቶች ክርክር ውስጥ ስሙ ሳይጠራ የማይታለፈው ብሩስ ሊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በሠላሳ ሁለት ዓመቱ የሞተውን ይህን የኩንግፉ ተዋናይ የፍልሚያ ስፖርት ወዳጆች እንደ ምስክር ይጠሩታል። ክብደቱ ከስድሳ አምስት ኪሎ ግራም ብዙም የማይበልጥ ሰው እንደዚያ ያለ ኃይል ያገኘው በእርግጫ ብቻ ነው ብለው ያምናሉ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ብሩስ ሊ ብረት በትጋት ያነሣ ነበር፤ የክንዱንና የጣቶቹን ጥንካሬ ለማሳደግ ልዩ ልዩ መሣሪያ ያሠራ ነበር፤ ልምምዱንም በማስታወሻ ይመዘግብ ነበር። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1970 ብረት በትከሻው ላይ አድርጎ ወገቡን በማጎንበስ ሲለማመድ ጀርባው ክፉኛ ተጎድቶ ለወራት ያለ ሥራ ለማረፍ ተገዷል። ስለዚህ አንደኛው ወገን ብረት ገነባው፣ ሌላኛው ብረት ሰበረው ሊል ይችላል። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ከታሪኩ የሚወሰደው ነገር ቢኖር፣ ጀርባ ላይ የተጫነ ብረት አጎንብሶ ማንሣት እርሱን ለመሰለ ብርቱ ሰው እንኳ አደገኛ መሆኑ ነው።

ብረት አንሺዎቹም ቢሆኑ ነቀፌታ አያጡም። ከእነርሱ መካከል ብዙዎቹ የሚደክሙት በመስታወት ለሚታየው ለደረታቸውና ለክንዳቸው ብቻ ነው። እግራቸው፣ ጀርባቸውና ዳሌያቸው፣ የሰው ጉልበት ዋነኛ ምንጭ ሆነው ሳለ ይዘነጋሉ። ከወገቡ በላይ ወይፈን፣ ከወገቡ በታች ሽመላ የመሰለ ወጣት በየሰፈሩ የሚታየው በዚህ የተነሣ ነው። እንዲህ ያለው ሰው መቶ ኪሎ የሚመዝን የጤፍ ኩንታል ቢሰጠው ያዳግተዋል፤ ብረት በዓይኑ አይቶ የማያውቅ የመርካቶ ተሸካሚ ግን ጎንበስ ብሎ፣ ኩንታሉን በጀርባው አስተካክሎ፣ በጭኑ ኃይል ብድግ ይላል። የተሸካሚው ዕውቀት የብረት አንሺዎቹን ያህል የተከበረ ቢሆን ኖሮ ብዙ ወገብ ከጉዳት በዳነ ነበር። ነገር ግን የተሸካሚው ኑሮም ለጥንካሬ ግንባታ አርአያ ሊሆን አይችልም። ሸክሙ በመጠን አይጨምርለትም፤ ዕረፍትም በፈለገ ጊዜ አያገኝም። ዕረፍትና ምግብ ያልተከተለው ጫና ጡንቻን አይገነባም፤ ያረጃል እንጂ። ለዘመናት ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክመው የወረዱት ሴቶች ታሪክም ይኸው ነው።

የእነዚህ ሴቶች ነገር ከተነሣ ዘንድ፣ ጉልበት መገንባት ለወንድ ብቻ የተሰጠ ነው የሚለው አስተያየት ከየት እንደመጣ መጠየቅ ተገቢ ነው። እንስራና ጭራሮ ሲሆን ለሴት ልጅ የማይከብድ፣ ብረት ሲሆን ግን የሚከለከል ሸክም ምን ዓይነት ነው? በኦሎምፒክ ሴቶች በጁዶ ለሜዳልያ መወዳደር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1992 ሲሆን በክብደት ማንሣት የጀመሩት በ2000 ነው። በወጣትነት ዘመን የሚከማች የአጥንት ጥንካሬ በእርጅና ጊዜ ከስብራት የሚጠብቅ በመሆኑ፣ ልምምዱ ከወንዶቹ ይልቅ ለሴቶቹ ያስፈልጋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ብረት ማንሣት ሰውን ያሳጥራል የሚለው ፍርሃት በወላጆች ዘንድ ተደጋግሞ ይሰማል። ለማስረጃም በአብዛኛው አጫጭር የሆኑት የዓለም ክብደት አንሺዎች ይጠቀሳሉ። ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው የቱርኩ ናይም ሱሌይማኖግሉ ነው። ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል የማይሞላው ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1988 በሴኡል ኦሎምፒክ በስድሳ ኪሎ ግራም ክፍል ተወዳድሮ 190 ኪሎ ግራም፣ ማለትም ከገዛ ክብደቱ ሦስት እጥፍ በላይ፣ ከአናቱ በላይ አንሥቷል። ሆኖም ሱሌይማኖግሉን ያሳጠረው ብረት አልነበረም፤ አጭርነቱ ለብረት የተመቸው በመሆኑ ነው እንጂ። ክንዱና እግሩ አጭር የሆነ ሰው ብረቱን የሚያነሣበት ርቀት ያጥርለታል። የቅርጫት ኳስ ሰውን ያስረዝማል የሚል እንደሌለ ሁሉ ብረትም ያሳጥራል ሊባል አይገባም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚን የመሳሰሉ የሙያ ማኅበራትም በአሰልጣኝ ቁጥጥር ሥር በመጠን የሚደረግ ልምምድ የልጆችን ዕድገት እንደማይጎዳ ገልጸዋል። የሚጎዳው ጀማሪ ሆኖ የመጨረሻ ዐቅሙን ለመፈተን መሽቀዳደም ነው። የሱሌይማኖግሉ ታሪክ ሌላም ነገር ያስረዳል፤ ጥንካሬና ግዝፈት አንድ አለመሆናቸውን።

ብረት ጡንቻን ያስራል፣ ሰውን ያዘገያል የሚለውም ሌላው አሮጌ እምነት ነው። በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በብዙ አገር የነበሩ የሩጫ፣ የዋናና የቦክስ አሰልጣኞች በዚህ ምክንያት ተማሪዎቻቸውን ከብረት ይከለክሉ ነበር። ዛሬ በዓለም አቀፍ ደረጃ ከሚወዳደሩ የጁዶና የትግል ሰዎች መካከል ብረት የማያነሣ ማግኘት አዳጋች ነው። ጡንቻ የሚታሰረው ስለጠነከረ ሳይሆን በሙሉ ስፋቱ ስለማይንቀሳቀስ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ጥንካሬ በምን ይገነባል የሚል ብቻ ቢሆን መልሱ አያወላውልም፤ በሚለካና በሚጨመር ክብደት ነው። የፍልሚያ ስፖርት በዚህ ሊተካከለው አይችልም። ይሁን እንጂ ብረት ፈጽሞ የማያስተምራቸው ነገሮች አሉ፤ እነርሱም ጥቂት አይደሉም። ብረት አይከላከልም፣ አይሸሽም፣ አያታልልም። የጁዶ ለማጅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚማረው መጣልን ሳይሆን መውደቅን ነው፤ አንገቱን ሰብስቦ፣ መሬቱን በክንዱ መትቶ ሳይጎዳ መውደቅን። ይህ ዕውቀት በዝናብ ጊዜ በድንጋይ ንጣፍ ላይ ለሚያዳልጠው ሰው ሁሉ ይጠቅማል። ሚዛን መጠበቅ፣ ርቀትን በዓይን መለካት፣ ተመትቶ አለመደንገጥ፣ የተሸነፈውን እጅ ነሥቶ ማክበር፣ እነዚህ ሁሉ የሚገኙት ሌላ ሰው ፊት ለፊት ሲቆም ነው። በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ ኢትዮጵያ በቴኳንዶ ተወዳዳሪ ማቅረቧም፣ በየአዳራሹ የሚደረገው ልምምድ ከንቱ ድካም እንዳልነበረ ያሳያል። በብረት የተገኘ ጥንካሬ ዕንቅስቃሴ ካልተማረ በጎተራ እንደተዘጋ እህል ይሆናል። እህሉ ሳይኖር ደግሞ ወፍጮው ብቻውን ቢዞር የሚወጣ ዱቄት የለም።

ከዚህ አንጻር ትምህርት ቤቶች ሁለቱን ማቀናጀት ይገባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ከአምስት እስከ አሥራ ሰባት ዓመት ያሉ ልጆች በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ጡንቻንና አጥንትን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ከእነዚህ ቀናት ሁለቱ ለክብደት ቢሰጡ፣ በመካከሉ ዕረፍት ቢኖር፣ የቀሩት ቀናት ለፍልሚያ ስፖርት ቢውሉ አንዱ ሌላውን አይሻማም። ሁለቱን በአንድ ቀን ማድረግ ግድ ከሆነ ጥበቡ መቅደም አለበት፤ የዛለ እግር ትክክለኛ እርግጫ አይማርምና። ከልምምዱ በኋላ የሚበላው ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና ከተገኘም እንቁላል የልምምዱ ክፍል ተደርጎ ሊታይ ይገባል።

ብረት የለንም የሚለው ምክንያትም የሚያስቀር አይደለም። አሸዋ በሁሉም ቦታ አለ። በጠንካራ ጆንያ የታሰረ አሥር ኪሎ አሸዋ በደረት ታቅፎ ቁጢጥ ብሎ ለመነሣት ይበቃል፤ በሁለተኛው ወር ሁለት ኪሎ ይጨመርበታል። አግዳሚ እንጨት ላይ ተንጠልጥሎ ሰውነትን መሳብ፣ ጓደኛን አዝሎ ዳገት መውጣት፣ ፑሽ አፕን እግርን ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ አድርጎ መሥራት ሁሉም ከዚሁ ሕግ ጋር ይስማማሉ፤ ጫናው በመጠን እየጨመረ እስከሄደ ድረስ። በየሰፈሩ የሚሠራው የሲሚንቶ ጣሳ ግን አንድ ጥንቃቄ ይሻል። ሲሚንቶውና ጠጠሩ በግምት እየተሞላ ስለሚደርቅ የአንዱ ጫፍ ክብደት ከሌላው በሁለትና በሦስት ኪሎ ሊበልጥ ይችላል፤ ወጣቱም ልዩነቱን ሳያውቅ ለወራት አከርካሪውን ወደ አንድ ጎን እያጣመመ ያነሣዋል። ሁለቱ ጣሳዎች ቧንቧው ላይ ከመሰካታቸው በፊት ሲሚንቶው ገና እርጥብ ሳለ ወደ አንድ የእህል ነጋዴ ሚዛን ቢወሰዱ የጎደለውን በአንድ አካፋ መሙላት ይቻላል።